ቤቱ የባለቤቱ፣ ፕሮግራሙስ የማን?

በአንድ ምሳሌ እንጀምር። በአሜሪካ በአንዲት ከተማ ዳርቻ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሲያሠሩ መብራቱን፣ መጋረጃውን፣ ማሞቂያውን፣ ፕሮጀክተሩንና ድምፅ ማጉያዎቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት አስተከሉ እንበል። በግድግዳው ላይ ካለው ስክሪን «ምሽት» የሚለውን ምልክት በጣት ሲነኩ መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፕሮጀክተሩ ይበራል። ሥራው ተሟልቶ ተረከቡ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ፕሮጀክተሩ ተበላሸና በሌላ ዓይነት ተተካ። አዲሱ ፕሮጀክተር ግን ለአሮጌው በተጻፈው ትእዛዝ አልሠራ አለ። ሥርዓቱን የተከለው ድርጅት በዚህ መካከል ሥራውን አቁሟል። የተጠራው ሌላ ባለሙያም መሣሪያዎቹን ከመረመረ በኋላ፣ «ዕቃው ሁሉ ደኅና ነው፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ግን እዚህ የለም። ምንጩ ካልተገኘ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንደገና መጻፍ ሊያስፈልግ ነው» አላቸው።

ባልና ሚስቱ የሚያነሡት ጥያቄ ግልጽ ነው። ቤቱ፣ ሽቦውና መሣሪያው የእነርሱ ከሆነ፣ ገንዘብ ከፍለው ያሠሩት ፕሮግራምስ የእነርሱ አይደለምን? ታሪኩን ለማስረጃ ያህል ያቀረብነው ቢሆንም፣ ጥያቄው ግን በዘርፉ ባለሙያዎችና በደንበኞቻቸው መካከል በእርግጥ የሚነሣ ነው። መልሱም ገሚሱ በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ገሚሱ በሕግ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ወገኖች በየተራ እንመለከታለን።

በግድግዳው ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር

ቤትን በኤሌክትሮኒክስ የመቆጣጠር ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ የሚገኘው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ድርጅት ትእዛዝን በቤቱ የመብራት ሽቦ ላይ የሚያስተላልፈውን ኤክስ 10 የተሰኘ ዘዴ ፈለሰፈ። ከዚያ ወዲህ ክሬስትሮን፣ ኤኤምኤክስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ኮንትሮል ፎርን የመሳሰሉ የአሜሪካ ድርጅቶች እጅግ የረቀቁ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቶችን ለገበያ አቅርበዋል። እነዚህን መሣሪያዎች በየቤቱ የሚተክሉ ድርጅቶችም እየበዙ በመሄዳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲዲያ የተባለ የሙያ ማኅበር ተቋቁሟል።

የእነዚህ ሥርዓቶች ልብ አንድ ማዕከላዊ ተቆጣጣሪ ኮምፒዩተር ነው። በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ በመሆናቸው የሚግባቡበት ቋንቋ አንድ አይደለም። አንዱ እንደ ሪሞት ኮንትሮል በኢንፍራሬድ ጨረር፣ ሌላው በሽቦ ተራ በተራ በሚላኩ ምልክቶች፣ ሦስተኛው በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ትእዛዝ ይቀበላል። ተቆጣጣሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ስለሚተከልበት ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። ሳሎኑ ስንት መብራት እንዳለው፣ የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው መጋረጃ እንደሚሄድ፣ «ምሽት» ማለትም ለዚያ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስተምረው የተከላ ድርጅቱ ፕሮግራመር ነው። ስለዚህ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ዕቃ ያለ ፕሮግራሙ ዝም ያለ ሣጥን ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ዓይነት ፋይል

የጉዳዩ ቁልፍ «ፕሮግራም» በሚለው አንድ ቃል የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራመሩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚጽፈው፣ ሰው ሊያነበውና ሊያርመው የሚችለው ነው። ይህ ምንጭ ኮድ ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ምንጩን ወደ ማሽን ትእዛዝ ለውጦ የሚያወጣው ነው። ይህኛው የተተረጎመ ኮድ ሲሆን፣ መሣሪያው የሚያነበው እርሱን ነው።

በክሬስትሮንና በኤኤምኤክስ የቆየ አሠራር፣ ወደ ቤቱ ተቆጣጣሪ የሚጫነው የተተረጎመው ኮድ ነው። ፕሮግራመሩ ምንጩንም አብሮ ለመጫን ከፈለገ ይችላል፤ ካልፈለገ ግን ምንጩ በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይቀራል። በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ምልክቶችና ገጾችም እንደዚሁ የራሳቸው ምንጭና የራሳቸው የተተረጎመ ፋይል አላቸው። ኮንትሮል ፎርን በመሳሰሉት ሥርዓቶች ደግሞ የሥራው ፋይል በቤቱ ተቆጣጣሪ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ደንበኛው የፈቀደለት ሌላ ወኪል ሊከፍተው ይችላል። ይሁን እንጂ ሙሉው የፕሮግራም መሣሪያ የሚሰጠው ፈቃድ ላላቸው የተከላ ድርጅቶች እንጂ ለማንኛውም ሰው አይደለም። እንግዲህ ደንበኛው ከአንድ ድርጅት ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ በከፊል የሚወሰነው ገና ዕቃው ሲመረጥ ነው።

ወደ ኋላ የማይመለስ መንገድ

ከተተረጎመው ኮድ ተነሥቶ ምንጩን መልሶ ማግኘት አይቻልምን? መልሱን በትንሽ ምሳሌ እንየው። ፕሮግራመሩ በምንጩ ላይ የሚከተለውን ጽፏል እንበል፦ «ምሽት ሲነካ የሳሎኑን መጋረጃ ዝጋ፤ ፕሮጀክተሩን አብራ፤ 30 ሰከንድ ቆይ፤ ከዚያ የፊልም ማጫወቻውን ምረጥ።» ከጎኑም ለራሱ ማስታወሻ አኑሯል፦ «ፕሮጀክተሩ መብራቱ እስኪሞቅ ድረስ ሌላ ትእዛዝ አይቀበልም።»

ኮምፓይለሩ ይህን ሲተረጉም «የሳሎን መጋረጃ» የሚለው ስም ወደ ቁጥር ይለወጣል። መሣሪያው ሽቦውን በቁጥር እንጂ በስም አያውቀውምና። ማስታወሻውም ይጣላል፤ ለማሽኑ ምንም አይሠራለትምና። 30 ሰከንዱ ይቀራል፤ ለምን 30 እንደሆነ ግን አይቀርም። ሌላ ፕሮግራመር ያንኑ ሥራ በሌላ ስም፣ ያለ አንዳች ማስታወሻ ቢጽፈው የሚወጣው የተተረጎመ ኮድ ያው ሊሆን ይችላል። በሒሳብ ቋንቋ ብንገልጸው፣ ብዙ የተለያዩ ምንጮች ወደ አንድ ውጤት ያመራሉ። ስለሆነም ውጤቱን ብቻ ይዞ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ጠጁን የቀመሰ ሰው ማርና ጌሾ እንደገባበት ያውቃል፤ ማሩን መልሶ ወደ ቀፎው ሊያስገባው ግን አይችልም።

የተተረጎመን ኮድ ሰው ወደሚያነበው መልክ ለመመለስ የሚሞክሩ መሣሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው። የሚያወጡት ግን ስም አልባና ማብራሪያ አልባ የሆነ የትእዛዝ ክምር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ባሉት ፕሮግራም ውስጥ ያንን ከመፍታት ይልቅ አዲስ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ይህ ሳይንሳዊ እውነታ ከዚህ በታች ለምናነሣው የሕግ ጥያቄ ሁሉ መሠረት ነው። ምንጩ አንድ ጊዜ ከጠፋ ማንኛውም ዳኛ «ይመለስ» ብሎ ቢፈርድ የሚመለስ ነገር የለም።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

የተከላ ድርጅቶች የሚያቀርቡት መከራከሪያ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ለአንድ ቤት የተጻፈው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ለዚያ ቤት የተፈጠረ እንዳልሆነ ይናገራሉ። በውስጡ ለዓመታት የተጠራቀሙ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ የሚዘዋወሩ ክፍሎች አሉ። ምንጩን መስጠት ማለት ይህን የሙያ ቅርስ ነገ ለሚመጣው ተወዳዳሪ በነፃ ማስረከብ ነው ይላሉ። ፎቶግራፍ አንሺዎች በፊልም ዘመን ፎቶውን ሰጥተው ኔጌቲቩን ያስቀሩ እንደነበር ያስታውሳሉ። ከዚህም በላይ፣ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ነካክቶ ቢያበላሸው ተወቃሹ ማን ነው? ብለው ይጠይቃሉ።

ደንበኞች በበኩላቸው ፎቶግራፍና ቤት አንድ አይደሉም ይላሉ። ኔጌቲቩ ባይኖርም ፎቶው በግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይኖራል። ቤት ግን ይለወጣል። አምፖል ይቀየራል፣ ልጅ ተወልዶ ክፍል ይጨመራል፣ ቤቱም ይሸጣል። ሊታረም የማይችል ፕሮግራም ቀስ በቀስ የሚሞት ፕሮግራም ነው። ድርጅቱ ቢከስር፣ ባለሙያው ቢያርፍ ወይም ሁለቱ ወገኖች ቢጣሉ ደንበኛው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል።

የአሜሪካ ሕግ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በ1980 ሲሻሻል ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ትርጓሜ ሰጥቷል። ከሕጉ ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት መርሆዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የቅጂ መብቱ በመጀመሪያ የሥራው አመንጪ ነው፤ ሥራው በተቀጣሪ ሠራተኛ በሥራ ግዴታው የተሠራ ከሆነ ግን የቀጣሪው ይሆናል። ሁለተኛ፣ የአንድ ቅጂ ባለቤት መሆንና የቅጂ መብት ባለቤት መሆን የተለያዩ ናቸው፤ መጽሐፍ የገዛ ሰው የደራሲውን መብት አልገዛም። ሦስተኛ፣ የቅጂ መብት ባለቤትነት በስምምነት ወደ ሌላ የሚተላለፈው ባለመብቱ በፈረመበት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በቃልና በእጅ መጨባበጥ አይተላለፍም።

ገንዘብ ከፍሎ ማሠራት ብቻውን ባለመብት እንደማያደርግ በግልጽ ያሳየው ከፕሮግራም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ለቤት አልባ ሰዎች የሚቆም አንድ ማኅበር ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለውን ቀራጺ አንድ ሐውልት እንዲሠራለት አዘዘ። ስለ ቅጂ መብት የተጻፈ ውል አልነበረም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ቀራጺው የማኅበሩ ተቀጣሪ እንዳልነበረ ወሰነ። በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ሥራ ቤት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ያለ መደበኛ ደመወዝ የሠራ ባለሙያ ነበርና።

ይህን ወደ ቤቱ ስንመልሰው ባልና ሚስቱ የተከላ ድርጅቱ ቀጣሪዎች አይደሉም፤ ደንበኞች ናቸው። የተፈረመ ማስተላለፊያ ከሌለ የፕሮግራሙ የቅጂ መብት የድርጅቱ እንደሆነ ይቀራል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ብዙ የተከላ ድርጅቶች ፕሮግራሙን የሚያስጽፉት በቅጥር ባልያዙት፣ ራሱን ችሎ በሚሠራ ፕሮግራመር ነው። በድርጅቱና በእርሱ መካከል የተጻፈ ማስተላለፊያ ከሌለ መብቱ የድርጅቱ እንኳ ሳይሆን የፕሮግራመሩ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ድርጅቱ ለደንበኛው «ምንጩ የእርስዎ ነው» ብሎ ቢፈርም የሌለውን ነገር መስጠቱ ነው።

ሁለት ፍርዶች

ታዲያ ደንበኛው መብት የለውምን? አለው፤ ግን በሌላ በር የሚገባ መብት ነው። በ1980 የተሻሻለው ሕግ የአንድ ፕሮግራም ቅጂ ባለቤት ፕሮግራሙን በማሽኑ ለመጠቀም አስፈላጊ የሆነውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ይህ ድንጋጌ ታይትልሰርቭ በተባለ ድርጅትና ለአሥር ዓመት ያህል ፕሮግራሞች በጻፈለት ባለሙያ መካከል በተነሣ ክርክር ተፈተነ። ባለሙያው ከድርጅቱ ጋር ሲለያይ ፕሮግራሞቹን እንዳሉ መጠቀም እንደሚቻል፣ ምንጩን መለወጥ ግን እንደማይቻል ተናገረ። በኒው ዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በሰጠው ፍርድ ድርጅቱ የቅጂዎቹ ባለቤት እንደሆነ፣ ስሕተት ማረም፣ ከአዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር ማስማማትና ለራሱ ሥራ የሚጠቅም ችሎታ መጨመር እንደሚችል ወሰነ።

ሁለተኛው ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2008 በምዕራብ አሜሪካ በሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የተሰጠ ነው። አሴት ማርኬቲንግ ሲስተምስ ለተባለ ድርጅት ፕሮግራሞች የጻፈ ባለሙያ ውሉ ሲቋረጥ ድርጅቱ መጠቀሙን እንዲያቆም ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ የቅጂ መብቱ የባለሙያው መሆኑን ሳይነካ፣ ፕሮግራሞቹን በደንበኛው ጥያቄ ሠርቶ፣ አስረክቦና ተከፍሎበት እያለ ገደብ ስላላስቀመጠ፣ ለደንበኛው የማይሻር የመጠቀምና የማሻሻል ፈቃድ በአድራጎቱ እንደሰጠው ቈጠረ።

እነዚህ ፍርዶች ለደንበኛው ትልቅ ተስፋ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል።  ፍርዱ «በእጅህ ያለውን ልትጠቀምበትና ልታሻሽለው ትችላለህ» የሚል ነው። በእጁ የተተረጎመው ኮድ ብቻ ላለው ባለቤት ይህ መብት ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ይሆንበታል። ሕጉ እንዲለውጥ ይፈቅድለታል፤ የኮምፓይለሩ ባሕርይ ግን አይፈቅድለትም።

ፋይሉ አንድ አይደለም

ጥያቄው የሚከብደው አንዱ ምክንያት ፋይሉን እንደ አንድ ነገር ስለምንመለከተው ነው። ገልጠን ብናየው ቢያንስ አራት ድርብ አለው። በመጀመሪያ መሣሪያውን ያመረተው ፋብሪካ ያዘጋጃቸው ዝግጁ ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ የፋብሪካው ናቸው። ቀጥሎ የተከላ ድርጅቱ ለብዙ ቤቶች የሚገለገልባቸው የራሱ ክፍሎች አሉ። ከዚያ ለዚህ ቤት ብቻ የተጻፈው፣ «ምሽት» ምን እንደሆነ የሚወስነው ክፍል ይመጣል። በመጨረሻም መረጃ ብቻ የሆነው ነገር አለ፦ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው መሣሪያ በመረቡ ላይ ምን ቁጥር እንዳለው፣ የይለፍ ቃሉ ምን እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው እንደ መረጃ በቅጂ መብት የሚጠበቅ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ስልክ ቁጥር ማውጫ በሰጠው ፍርድ፣ ጥሬ እውነታ የማንም የድርሰት ሥራ እንዳልሆነ አጽንቷል።

ይህ ክፍፍል ለሁለቱ ወገኖች እርቅ መንገድ ይከፍታል። ለቤቱ ብቻ የተጻፈው ክፍል በምንጩ መልክ ለደንበኛው ሲሰጥ፣ የድርጅቱ የጋራ ክፍሎች ተተርጉመውና ተዘግተው አብረው ሊሰጡ ይችላሉ። ቀጣዩ ባለሙያ የተዘጉትን ክፍሎች ውስጣቸውን ሳያይ ይጠቀምባቸዋል፤ የቤቱን ክፍል ግን እንደ ልቡ ያርማል። የድርጅቱ ምስጢር ይጠበቃል፤ ቤቱም አይታሰርም።

በአገራችንስ?

አንባቢያን ይህ ጥያቄ በእኛ ሕግ ምን መልክ እንዳለው ሊጠይቁ ይችላሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍትና ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ቈጥሮ ይጠብቃል። ተቀጥሮ ወይም በአገልግሎት ውል ታዝዞ የተሠራን ሥራ በተመለከተ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚያዊ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ቀጣሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ ውሉ ዝም ባለ ጊዜ የአሜሪካው ሕግ ወደ ፕሮግራመሩ፣ የእኛው ደግሞ ወደ አሠሪው ያደላል። በእኛ አገር ሥጋት ያለበት ለዓመታት ያጠራቀመውን ክፍል በአንድ ሥራ ሊያጣ የሚችለው ወጣት ፕሮግራመር ነው። በሁለቱም አገሮች ግን መብት ያለው ሰው ምንጩን በእጁ ካላገኘ ሥራውን ማስቀጠል አይችልም።

ከሥራው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚያስተክልም ሆነ የሚተክል ሰው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ቢያሰፍር መልካም ነው እንላለን።

1. የቅጂ መብቱ የማን ይሆናል? ከደንበኛው ካልሆነ፣ ደንበኛው የመጠቀም፣ የማሻሻልና በሌላ ባለሙያ የማሠራት ፈቃድ አለው? ቤቱ ሲሸጥስ ፈቃዱ ወደ ገዢው ያልፋል?

2. ፕሮግራሙን በእርግጥ የሚጽፈው ማን ነው? የድርጅቱ ሠራተኛ ካልሆነ በድርጅቱና በእርሱ መካከል የተፈረመ ማስተላለፊያ አለ?

3. ምንጩ መቼና በምን ይሰጣል? የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ማስረከብ ለሁለቱም ወገን ተገቢ ይመስለናል። ድርጅቱ በእጁ ማቆየት ከፈለገ ደግሞ፣ ሥራውን ቢያቆም ለደንበኛው እንዲሰጥ በታማኝ ሦስተኛ ወገን ዘንድ ሊቀመጥ ይችላል።

4. የተሰጠው ምንጭ ትክክለኛው ነው? ፋይሉ በርክክብ ጊዜ እንደገና ተተርጉሞ ወደ ተቆጣጣሪው ተጭኖ ቤቱ እንደ ቀድሞው መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። የኮምፓይለሩ ሥሪትና ተያያዥ ክፍሎቹም አብረው ይመዝገቡ፤ ያለ እነርሱ ትክክለኛ ምንጭ እንኳ ላይተረጎም ይችላል።

5. ከመጀመሪያው ርክክብ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ አዲስ ቅጂ ይሰጥበታል? የስድስት ዓመት አሮጌ ምንጭ የዛሬውን ቤት አያውቀውም።

ማጠቃለያ

«ፋይሉ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ጥያቄ ነው። መብቱ የማን ነው? የመጠቀምና የመለወጥ ፈቃድ ያለው ማን ነው? ምንጩስ በማን እጅ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሕግና ፍርድ ቤት ሊመልሷቸው ይችላሉ፤ ከዘገየም በኋላ ቢሆን። ሦስተኛው ግን ከዘገየ መልስ የለውም። ኮምፓይለሩ የጣለውን ስምና ማስታወሻ ዳኛ አይመልሰውምና። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ስለ ፕሮግራሙ የሚደረገው ስምምነት መቅደም ያለበት ሁሉም ነገር በሰላም በሚሠራበት፣ ደንበኛውና ባለሙያው በፈገግታ በሚነጋገሩበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ጊዜ የሚጻፉት ጥቂት መስመሮች ባለሙያውን ከሙያ ቅርሱ፣ ባለቤቱንም ከገዛ ቤቱ ሳይለዩ ያቆያሉ።